የእማማ ፍሬን ቀይ መንገድ

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት፣ ትልቁም ትንሹም፣ «እማማ ፍሬን» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት የከተማ አውቶቡስ በምትነዳበት ዘመን ነው። ድመት መንገድ ካቋረጠች ፍሬን ትይዛለች። አንዲት ነፍሰ ጡር እጇን እያወዛወዘች ከኋላ ከመጣች ፍሬን ትይዛለች። የቆመው ተሳፋሪ ሁሉ ወደ ፊት ተገፍቶ እርስ በርሱ ይላተምና «ኧረ በፈጠራችሁ! ይቺ ሴትዮ መኪናውን ነው ወይስ ፍሬኑን ነው የምትነዳው?» ይላል። እሷም በመስታወቱ አሻግራ ታየውና «ወንድሜ፣ ከኋላ የምትሮጠው እናትህ ብትሆን ልለፋት?» ትለዋለች። እንዲህ ስትል ስትል ማንንም ሳትገጭ ጡረታ ወጣች። ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም።

ጡረታ አልተስማማትም። ዕድሜዋን ሁሉ መንገድ ወደ እሷ ሲሮጥ ያየች ሴት ቤት ቁጭ በይ ስትባል ምን ትመልከት? ፋርማሲ ውስጥ ከምትሠራው ልጇ ጋር የምትኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጇ ጠዋት ስትወጣ እማማ ፍሬን ወንበሯን ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ታስጠጋለች፤ ክርኗን ደፉ ላይ ጣል ታደርግና ወደ ታች ታያለች። ታች ያለው ደግሞ ጭቃ ነው።

ሕንፃው ድሮ ፊቱ ወደ አውራ ጎዳናው ነበር። በዚያ በኩል ትልቅ መጋዘን ሲሠራ የፊት በሩ ታጠረ፤ ነዋሪው ሁሉ በጓሮ መውጣት ግድ ሆነበት። ጓሮው ከደረጃው እስከ ኋለኛው የብረት በር የተዘረጋ ባዶ ቦታ ነው። በበጋ አቧራ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ግን ጫማ ይውጣል። ሰው ሱሪውን ሰብስቦ፣ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ ይወጣል። ሥራ የሚሄዱት ደህናውን ጫማ በፌስታል አንጠልጥለው የሚወጡት ለዚህ ነው።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ እዚያው ላይ ተንሸራታ ዳሌዋን ተሰበረች። እሷና እማማ ፍሬን የልብ ወዳጆች ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ወፍራም ሳቅ ያላት፣ ነገር የማያልፋት ሴት ነበረች፤ ከስብራቱ በኋላ ግን አጥንቱ ቢገጥምም ሳቁ አልገጠመም። ስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ ቀኑን ሙሉ ትሰፋለች። ከበሯ አልፋ አታውቅም።

አንድ ቀን እማማ ፍሬን ልትጠይቃት ገብታ፣ «ሐኪሙ ምን አለሽ?» አለቻት።

«ተራመጂ አለኛ! ሌላ ምን ይላል? በአልጋዬና በስፌት መኪናው መሃል ያለችውን ወለል ጨረስኳት እኮ።»

«ውጪ ወጥተሽ ነዋ መራመድ ያለብሽ።»

ልብስ ሰፊዋ በመርፌዋ ወደ መስኮቱ አመለከተች። «በዚያ በኩል? በዚያ በኩል የምወጣው ሰው ተሸክሞኝ ነው፤ ያውም ዓይኔን ጨፍኜ።»

«አፍሽን ያዢ!» አለች እማማ ፍሬን። ከዚያ ቀጥታ ደረጃውን ሽቅብ ወጣች፤ ጉልበቷ እየጮኸ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች።

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው የነዋሪዎቹ ሰብሳቢ ነው፤ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲወለውል ብሩሹ ከታች ይሰማል። ጸጉሩን ለማበጠር መስታወት አያስፈልገውም፣ ጫማውን ያያል እያሉ ያሙታል።

«ጓሮውስ ጋሼ?» አለችው።

«ሲሚንቶ ይፈስበታል። በእቅድ ተይዟል። ትንሽ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው።»

«ትዕግሥታችንን ብናፈስሰው እኮ እስካሁን አስፋልት ይሆን ነበር!»

ሰብሳቢው ፈገግ አለና በሩን በቀስታ ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ የመብራት ሠራተኞች ሽቦ የነካውን የዛፍ ቅርንጫፍ ሊቆርጡ መንገዱ ዳር መጡ። አንድ የሚያጓራ ማሽን ይዘዋል፤ ቅርንጫፉን በአንድ በኩል ሲያጎርሱት በሌላ በኩል አድቅቆ ይተፋዋል። የተከተፈው እንጨት በአጭር ጊዜ ክምር ሆነ። እማማ ፍሬን ከመስኮቷ ስታይ ቆየችና የቤት ጫማዋን ሳትቀይር ወረደች።

«ይኼን የት ነው የምትጥሉት?» ብላ አለቃቸውን ጠየቀችው።

«ከከተማ ውጪ ነዋ፣ እናቴ። ይፈልጉታል እንዴ?»

«ከዚህ በር ጀምረህ ድፋልኝ።»

ማታ ልጇ ከፋርማሲ ስትመጣ በሩ ላይ የእንጨት ፍርፋሪ ተራራ ሆኖ ጠበቃት። በጎን በኩል እንደምንም ተጣብቃ አለፈችና «እማዬ፣ የማን ሥራ እንደሆነ ልጠይቅ ወይስ ልተወው?» አለች።

«ተዪው። ይልቅ አካፋ የሚያውሰን ሰው ታውቂያለሽ?»

አካፋውም የእጅ ጋሪውም ከግንበኛው ጎረቤት ተገኘ። እማማ ፍሬን ያን ሰሞን ያሳየችውን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው ራሷም አታውቅም። ውሃ የሚያቁረውን ቦታ በፍርስራሽ ድንጋይ ሞላች፤ አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ቀድዳ አነጠፈችበት፤ ከላይ እንጨቱን አፈሰሰችና ወፍራም አድርጋ ደለደለችው። ጋሪውን እየገፋች በአፏ ማርሽ ትቀይራለች፤ ለማንም አይሰማም ብላ ነው፣ ግን ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ ብረት መሃል አፍንጫዋን አውጥታ አለቃ ሆነች። «ወደ ግራ! ወደ ግራ በይው፣ ጠመመ! ይኼ ስፌት ቢሆን አስፈታሽ ነበር!» መጀመሪያ የሚስቅ ብቻ ነበር። ቆይቶ ግንበኛው መጣ፤ ሚስቱ ተከተለችው፤ እሑድ ሲሆን ሌሎችም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከደረጃው እስከ ብረት በሩ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ፣ ትኩስ የተፈለጠ እንጨት የሚሸት፣ ከእግር ሥር ለስለስ የሚል መንገድ ተዘረጋ። ሰብሳቢው በረንዳው ላይ ሆኖ አየው። «ጊዜያዊ ነው» አለ፤ ግን በማግስቱ በጫማው ሄደበት።

ዝናቡ ገባ። ሰማዩ እንዳሻው ዘነበ፤ ጓሮው እንደ ልማዱ ጭቃ ሆነ፤ መንገዱ ግን ውሃውን እየጠጣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጫማ በፌስታል መያዝ ቀረ። እማማ ፍሬን መስኮቷ ላይ ተቀምጣ ሰው በልበ ሙሉነት ሲራመድ ስታይ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በሰላም ያደረሰች ያህል ደስ ይላት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበረች የቀረችው። «እግሬ ልብ ሲያገኝ እወጣለሁ» ትላለች፤ እግሯ ግን ልብ ሳያገኝ ሰነበተ።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ሲያካፋ አድሮ ፀሐይ ብቅ ባለችበት ሰዓት፣ እማማ ፍሬን መስኮቱን ስትከፍት መንገዱ ቀልቶ ጠበቃት።

ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። ደም መሰላት፤ ቀጥሎ ሰው ቲማቲም የደፋ መሰላት። ወርዳ ስታየው እንጉዳይ ነው፤ ያውም አንድና ሁለት ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር። ቀለሙ ቀይም አይደለም ብርቱካናማም አይደለም፤ ገና ከእቶን የወጣ ጡብ ውሃ ሲነካው የሚመስለውን ይመስላል። አናቱ ዘይት የተቀባ ያህል ያብረቀርቃል። ገና የወጡት እንደ ካፖርት ቁልፍ ድብልብል ናቸው፤ የጎለመሱት እንደ ስኒ ማስቀመጫ ተዘርግተዋል። ከሥራቸው ገልበጥ ሲደረጉ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ አመድማ ነገር አላቸው። አንዳንዱ ሲወጣ የእንጨት ስባሪ አናቱ ላይ እንደ ባርኔጣ ተሸክሞ ነው የወጣው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቷ።

«የጅብ ጥላ ነው መሰለኝ። ግን እንዲህ ያለ ቀለም በዕድሜዬ አላየሁም።»

«አንዱን አምጪልኝ እስቲ!» ተቀብላ መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠችው። «ይኼን ቀለም ሐር ላይ ባገኘው፣ ሙሽራዋን ሳይሆን ቀሚሷን ነበር የማጋባው» አለች። ከስብራቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ወፍራም ሳቋ ወጣ።

ደስታው ግን እስከ ምሳ ሰዓት አልዘለቀም። አራተኛ ፎቅ መንታ ልጆች ያሏት ወጣት እናት ትኖራለች። ባሏ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዶ፣ ሁለቱን ሕፃናት ብቻዋን ነው የምታሳድገው። እሷ የታጠበ ልብስ ስታሰጣ መንታዎቹ መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ይጫወቱ ነበር። ዘወር ስትል አንደኛዋ ቀይ እንጉዳይ ጨብጣ፣ ከንፈሯ ላይ ቀይ ፍርፋሪ ለጥፋ አየች።

ጩኸቷ አራቱንም ፎቅ አናወጠው። ጉልበት የላትም የተባለችው እማማ ፍሬን ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። እናትየው አንዷን አቀፈች፣ እሷ ሌላዋን አፈፍ አደረገች፤ ተያይዘው ጥግ ላይ ወዳለው ክሊኒክ ሮጡ። ነርሷ የልጅቷን አፍ በጣቷ ጠረገች፤ እንጉዳዩን ከእናትየው እጅ ተቀብላ አየችው፤ ከዚያ እየተከታተለች አቆየቻቸው። ልጅቷ ብስኩት ጠየቀች። ደግማ ጠየቀች። በመጨረሻ ነርሷ «አልዋጠችውም፤ ደህና ናት፤ ይልቅ ርቧታል» ብላ ፈገግ አለች።

እናትየው ግን አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መስሏል። ሲመለሱ ወደ እማማ ፍሬን ዞረችና «ይኼን መርዝ ደጃችን ያመጡት እርስዎ ነዎት» አለች። ድምጿ እንኳን ከፍ አላለም።

ወሬው እሳት ሆነ። መንገዱን ሲያወድስ የነበረ ሁሉ «እኔ ድሮም አልወደድኩትም» ማለት ጀመረ። ሰብሳቢው በየፎቁ እየዞረ እሑድ ከሰዓት ስብሰባ መኖሩንና መንገዱ ተጠርጎ እንዲወጣ ሐሳብ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። እማማ ፍሬን ስብሰባውን አልጠበቀችም፤ አካፋውን ይዛ ልትወርድ ስትል ልጇ በሩ ላይ ቆመች።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«በእጄ የሠራሁትን በእጄ ላፈርሰው። ያቺ ልጅ አንድ ነገር ብትሆን ኖሮ…»

ልጇ አካፋውን ቀስ አድርጋ ወሰደችባት። «እኛ ፋርማሲ ውስጥ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ሲገኝ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ነው የምናጣራው። ኮሌጁ ውስጥ ስለ እንጉዳይ የሚያስተምር ሰው አለ። ውሰጂለት። መርዝ ነው ካለ አብሬሽ እቆፍራለሁ።»

በማግስቱ እማማ ፍሬን ከእንጉዳዮቹ ትንሹንም ትልቁንም ከነሥራቸው ነቅላ በምሳ ዕቃ ከተተችና አውቶቡስ ያዘች። ስትገባ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሊነሣ ምንም አልቀረውም። ድሮ ከእሷ ጋር ትኬት ቆራጭ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን መሪ ጨብጧል።

«እማማ! ከፊት፣ ከፊት ይቀመጡ!»

ትንሽ እንደሄዱ አንድ ሰውዬ ቦርሳውን እያወዛወዘ ከኋላ ሲሮጥ በጎን መስታወቱ አየችው። ልጁ ሊያልፈው ነው። «ፍሬን!» ብላ ጮኸች። ልጁ ሳያስበው ረገጠው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ተላተመ፤ ሰውዬው ተሳፈረ። እማማ ፍሬን ከነጭንቀቷ ሳቀች።

የኮሌጁ መምህር ክፍል በአቧራማ ብልቃጦችና በደረቀ ቅጠል የተሞላ ነው። መምህሩ ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። የምሳ ዕቃውን ሲያይ «ምሳዬን በልቻለሁ እናቴ» ብሎ ቀለደ። ክዳኑን ሲከፍት ግን ቀልዱን ረሳው፤ አንዱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደው።

«ኧረ ምን ዓይነት ውበት ነው! የት ነው ያገኙት? የተከተፈ እንጨት ላይ ነው አይደል?»

«እሱን በምን አወቅህ?»

«ሌላ ቤት የለውማ። የሞተ እንጨት ነው የሚበላው። ዘሩ ከዓይን የረቀቀ ዱቄት ነው፤ በነፋስ ይመጣል፣ ከእንጨቱም ጋር ይመጣል። እርጥበት ሲያገኝ ብቅ ይላል።»

እማማ ፍሬን የመጣችበትን ጥያቄ እንደምንም አወጣችው። «መርዝ ነው?»

መምህሩ መነጽሩን አውርዶ አደረገና ዓይኗን አያት። «እውነቱን ልንገርዎት። አይበላም። ሆድ ሊያውክ ይችላል ብለን እንጠረጥራለን፤ ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን በደንብ የተጠና ነገር የለም። ስለዚህ ማንም አያብስለው፣ ማንም አይቅመሰው። መንካቱ ግን አይጎዳም። ቢረግጡት፣ በእጅ ቢነቅሉት ምንም የለውም። ቤት አያፈርስም፣ በቁም ያለ ዛፍም አያደርቅም። እንጨቱን አፈር እስኪያደርገው ይቆያል፤ ሲጨርስ ይሄዳል።»

«ሕፃናት አሉን።»

«እነሱ ከመውረዳቸው በፊት ጠዋት ጠዋት መልቀም ነዋ። ለቅሞ ክዳን ባለው ዕቃ መጣል። ለሚሰሙት ልጆች ደግሞ አሳይቶ መንገር። መደበቅ አይጠቅምም፤ ቀለሙ ራሱ ይጠራቸዋል።»

በሩ ድረስ ሸኛትና፣ እያፈረ፣ አንዱን ለተማሪዎቹ ማሳያ ማስቀረት ይችል እንደሆነ ጠየቃት። «ውሰደው እንጂ ልጄ» አለችው፤ ምሳ ዕቃዋን ግን አስመለሰች።

ከዚያ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ አራተኛ ፎቅ ወጥታ የመንታዎቹን እናት በር አንኳኳች። በሩ በጥቂቱ ተከፈተ።

«ልከራከርሽ አልመጣሁም» አለች እማማ ፍሬን እያለከለከች። «ልክ ነሽ ልልሽ ነው የመጣሁት። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሳላጣራ ነው ያመጣሁት።» መምህሩ ያላትን ሁሉ፣ የሚያስፈራውንም ሳትደብቅ፣ አንድ በአንድ ነገረቻት። «ከነገ ጀምሮ ልጆችሽ ሳይወርዱ እኔ እለቅመዋለሁ። አንድ ጠዋት ብቀር፣ በዚያው ቀን መንገዱ ይፍረስ።»

ወጣቷ እናት በሩን ከፈተች። ከውስጥ የመንታዎቹ ሳቅ ይሰማል። «እማማ፣» አለች፣ «ያ መንገድ ሳይኖር ሁለቱንም አቅፌ ነበር ጭቃውን የምሻገረው። አንድ ቀን ከነልጆቼ ወድቄያለሁ። ማንም አላየኝም፤ ተነሥቼ ገባሁ፣ ለማንም አልነገርኩም። መንገዱን አልጠላሁትም። ብቻዬን መሆኔን ነው የጠላሁት።»

እማማ ፍሬን ገባችና ልጅቷን ያቀፈቻትን ያህል እናቲቱን አቀፈቻት።

በማግስቱ ጠዋት ባልዲዋን ይዛ ወረደች። ጎንበስ ማለት ለጉልበቷ ቅጣት ነው፤ ቢሆንም ከደረጃው እስከ በሩ ቀዩን ሁሉ ለቀመች። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ከበረንዳ ታያት ነበር። በነጋታውም ለቀመች። ዝናብ ሲጥልም ላስቲክ ደርባ ለቀመች። ቅዳሜ ጠዋት እየለቀመች ሳለ ከኋላዋ ሌላ ባልዲ ሲንኳኳ ሰማች። ዞር ስትል የመንታዎቹ እናት ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ ብላለች። አልተነጋገሩም፤ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ይዘው ጨረሱት።

እሑድ ደረሰ። ሰብሳቢው ስብሰባው ጓሮው ውስጥ እንዲሆን ወሰነ፤ «ጉዳዩ ያለበት ቦታ ላይ ሆነን በዓይናችን እያየን እንወያይ» ብሎ። ሌሊት ሲዘንብ ስላደረ ጓሮው ሊጥ ሆኗል። ነዋሪው እየወረደ መጣና መቆሚያ ሲያጣ መንገዱ ላይ ተጠጋግቶ ቆመ፤ ጥላ የያዘ ጥላ ይዞ፣ ልጅ ያዘለ ልጅ አዝሎ፣ ትከሻ ለትከሻ። ሰብሳቢው መሃል ላይ ነው፤ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ ሆና ትከታተላለች።

ሰብሳቢው ረዥም ንግግር አደረገ። ስለ ጤና፣ ስለ ሥርዓት፣ ሳይፈቀድ ስለሚሠራ ሥራ ተናገረ፤ ሲሚንቶም መምጣቱ እንደማይቀር ጨመረ። «ስለዚህ ይኼ መንገድ በአስቸኳይ ተጠርጎ ይውጣ የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። እጅ በማውጣት…»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት» አለች እማማ ፍሬን። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጸጥ የሚያሰኘው ድምጿ ተመለሰ። «እጅ ማውጣት ለምን ያስፈልጋል? ሁሉም ሰው ጃንጥላ ይዟል፣ ልጅ ይዟል። መንገዱ ይውጣ የሚል ሰው ከመንገዱ ላይ ይውረድ። ይቆይ የሚል ባለበት ይቁም። በቃ።»

ሰው ወደ ጭቃው አየ። ጭቃው ሰውን አየ። አንዱ እግሩን አንሥቶ መልሶ ቦታው አስቀመጠው። ከኋላ አንድ ሰው ማፈን ያቃተው ሳቅ ሲያፈተልክ ተሰማ።

ሰብሳቢው ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም፤ ይኼን ማንም አይክደውም። ኮሌታውን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ አንድ እግሩን አንሥቶ ከመንገዱ ወረደ። እግሩ ገባ፤ ገባ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ሌላውንም አስከትሎ የመጀመሪያውን ሲነቅል እግሩ ወጣ፤ ጫማው ቀረ። በአንድ ካልሲ፣ በአንድ እግሩ፣ እንደ ሽመላ ቆመ።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ያን ጊዜ የመንታዎቹ እናት፣ ሁለቱን ልጆች በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ወደ ፊት መጣች። «አትሳቁ» አለች። «እኔም ፈርቼ ነበር። መጀመሪያ የጮኽኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን እንጉዳዩን በየጠዋቱ የምንለቅመው እማማና እኔ ነን። የሚፈራ ካለ ባልዲ ይዞ ይምጣ። እኔ ከዚህ መንገድ አልወርድም።»

«እኔም አልወርድም!» አለ ግንበኛው። «እኔም!» «እኔም!» ድምፁ ከደረጃው እስከ ብረት በሩ ተቀባበለ።

እማማ ፍሬን ለሰብሳቢው እጇን ዘረጋችለት። «ይያዙኝ ጋሼ። ቀስ ብለው።» ጎትታ አወጣችው፤ ግንበኛው በአካፋ ጫማውን ፈልፍሎ አመጣለት። ሰብሳቢው ጭቃ የሞላውን ጫማ አየ፤ ሰውን አየ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነበር። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አለ። «የእኔም ድምፅ ተቆጥሮ። ነገ ጠዋት ባልዲ ይዤ እወርዳለሁ።»

ጭብጨባው ገና ሳይበርድ የምድር ቤቱ በር ሲንቋቋ ተሰማ። ሰው ሁሉ ዞረ። ልብስ ሰፊዋ ባለ አራት እግር መደገፊያዋን ይዛ ደፉ ላይ ቆማለች። በአዲስ ቀሚስ ነው፤ ለራሷ መቼ እንደሰፋችው ማንም አላየም። መደገፊያውን አንሥታ እንጨቱ ላይ ተከለችው፤ ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችው። ያዘላት።

እማማ ፍሬን ልትደግፋት ፈጠን አለች።

«እንዳትነኪኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከጎኔ ሂጂ እንጂ እንዳትነኪኝ።»

ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለላት፤ ከመንገዱ ላለመውረድ በየጫፉ ተጣብቆ እርስ በርሱ ተያያዘ። እሷ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ አንድ እርምጃ እያለች መጣች። ግንባሯ ላብ አወጣ። ከንፈሯን ነክሳለች። ለቀማ ያመለጣቸው ሁለት ሦስት እንጉዳዮች ጥግ ላይ እንደ ፍም ቀልተው ነበር፤ እንዳትረግጣቸው መደገፊያዋን አዙራ አለፈቻቸው። መሃል ስትደርስ አንድ ሰው «በርቺ!» አለ፤ ከዚያ በረንዳው ሁሉ፣ ደረጃው ሁሉ «በርቺ!» ሆነ። መንታዎቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እየዘለሉ አጨበጨቡ።

ብረት በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከበሩ ማዶ የሰፈሩ መንገድ አለ፤ መኪናው፣ ሰዉ፣ የሱቁ ደጅ። እንደ ሩቅ አገር ስታስበው የከረመችው ሁሉ እዚያው ነው። ረዥም ትንፋሽ ወሰደች።

«ይበቃሻል ለዛሬ» አለች እማማ ፍሬን፣ ዓይኗን በመዳፏ ጀርባ እየጠረገች። «እንመለስ።»

«ማን ነው የሚመለሰው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ገና አሁን ወጣሁ እኮ!» በሩን በመደገፊያዋ ገፋ አደረገችና ወጣች። እማማ ፍሬን ለመድረስ እርምጃዋን ማፍጠን ነበረባት።